ለታመመ የማይሰጥ እፍኝ

ካሳ የሚባለው ሚሊሻ ዘይነባን በጠመንጃ ሰደፍ ትከሻዋን ሲላት እኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። ቦታው መካነ ሰላም፣ የእርዳታ ስንዴ የሚሰፈርበት ግቢ በር ነው። ዘመኑ ሰባ ሰባት። ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ ይረጋገጣል፤ ካሳ ደግሞ ሰልፍ አስይዛለሁ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይነርታል። ሁለተኛውን ሲያነሳ ለኔ ራስ እንደሆነ አየሁ። ዘይነባም አይታ ኖሮ ዞር አለችና በግንባሯ ተቀበለችው። ደሙ በአፍንጫዋ ላይ ሲወርድ እንኳ እጆቿን ከጭኖቼ ሥር አላነሳችም። ብታነሳቸው መሬት ነኝ።

«የዘማች ሚስት ነች የምትመታት፣ አንተ ከይሲ» አልኩት ከላይ ሆኜ።

«እማማ ይርገዱ፣ ዛሬም ታዝለው መጡ? ጡት መቼ ሊጥሉ ነው?» አለኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። ያን ዓመት ሰው መሳቂያ ጉልበት ከየት ያመጣ እንደነበር እስካሁን ይገርመኛል።

እኔ ምላሴ እንጂ እግሬ አይሠራም። ባሌ አሻግሬ፣ ነፍሱን ይማረው አልልም፣ አንድ የገበያ ቀን ጠጥቶ ገብቶ ወገቤን በሞፈር መታኝ። ከዚያ ወዲህ ከወገቤ በታች ያለው ሥጋ የኔ አይደለም። እሱ ሞተ፤ እኔ ቀረሁ። አንድ ልጄ መለሰ ለውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲዘምት ሚስቱን ዘይነባን ትቶልኝ ሄደ። የወረኢሉ እስላም ልጅ ነች። ዘመዶቿ ክርስቲያን አገባሽ ብለው ልጃችን አይደለሽም ብለዋታል፤ እኔም ብሆን መጀመሪያ ዓይንሽን አያሳየኝ ብያት ነበር። እሷ ግን ድርቁ ከገደለው በሬያችን ቆዳ ሰው የሚያህል አንቀልባ ሰፍታ ታዝለኝ ጀመር። ወደ ሜዳ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ስንዴው። ከወለድኩት ያላገኘሁትን ከሷ አገኘሁ።

ስንዴው የሚሰፈረው በራስ ነበር። መጥቶ ራሱን ያላሳየ አይወስድም፤ ታሟል፣ አርጅቷል፣ እግር የለውም ቢባል ጆሮ የሚሰጥ የለም። ዘይነባ አዝላ ስታመጣኝ ሁለት ሰው ነን፤ ሁለት ድርሻ ይሰፈርልናል። እሷ ከሌለች እኔ ሰውም አይደለሁም።

የዚያን ቀን ስንዴውን ከፊት፣ እኔን ከኋላ ተሸክማ ዳገቱን ስትያያዘው ሆዴ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ሙቀቷ ልብሱን አልፎ ፈጀኝ።

«አንቺ፣ ገላሽ እኮ እሳት ሆኗል» አልኳት።

«አብሽሩ እማማ፣ ፀሐዩ ነው» አለችኝ።

የምን ፀሐይ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ቤት ስንደርስ አንቀልባውን ሳትፈታ በግንባሯ ተደፋች፤ እኔም አብሬያት። ተስቦ ነበር።

ያን ዓመት ተስቦ የገባበት ቤት ቤት አይባልም። ሰው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እያየ፣ አፍንጫውን ይዞ ነው በደጃችን የሚያልፈው። ውሃ አቀብሉን ልል በክርኔ እየተጎተትኩ ደጃፍ ብወጣ አንድ ጎረምሳ በድንጋይ ቅንድቤን ሰነጠቀው። አባቱ ቆሞ ያያል፤ ተው እንኳ አላለውም። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሀሊማ ብቻ በረጅም እንጨት ጫፍ ቅል እያንጠለጠለች ውሃ ታቀብለን ነበር። ባሏን ለሰፈራ ብለው በመኪና ጭነው ከወሰዱት ወዲህ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ብቻዋን ነች። ልጅቷም ሆዷ ተነፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ትውላለች። ይህን ሳትረሱ ስሙኝ፤ ሀሊማ ክፉ ሰው አልነበረችም።

ስንዴያችን አለቀ። ዘይነባ ትቃዣለች፤ በቅዠቷ እንኳ «እማማ ይያዙኝ» እያለች ልትሸከመኝ ትነሳለች። ሌላ ስንዴ ሊሰፈር ነው የሚል ወሬ ስሰማ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ቢተውን በሀሊማ በኩል አስጠራሁት። መጥቶ ከአጥሩ ውጭ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ቆመ።

«የዘማች ቤተሰብ ነን፤ የምታዝለኝ ልጅ ታመመች። ድርሻችንን እዚህ ድረስ አስልክልን» አልኩት።

«ራሱን ላላሳየ አይሰፈርም፤ መመሪያ ነው እናቴ። ሲሻላት ይዛዎት ትመጣለች።»

«ካልበላች በምን ይሻላታል?»

«መመሪያውን እኔ አላወጣሁት።»

«እንግዲያው የሚያዝለኝ ሰው ስጠኝ። እስከ ግቢው በር ብቻ።»

«ከተስቦ ቤት ማን ሰው ያዝላል?» አለና ሊሄድ ዞረ። ከዚያ የሚያጽናናኝ መስሎት፣ «እግዜር አይበለውና ቢብስባትም ቅሬው አለላችሁ» አለኝ።

የኛ ቅሬ የእስላምም የክርስቲያንም ነው። ሰው ሲሞት ይቆፍራል፣ ተሸክሞ ይቀብራል፤ ከቀብር መልስ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ለሐዘንተኛው እህል ያዋጣል። በደህናው ዘመን እንጀራና ንፍሮ ነበር፤ ያን ዓመት ከየቤቱ አንዳንድ እፍኝ ጥሬ ሆነ። ግን አልቀረም። ዳኛው አህመድ፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ ሽማግሌ፣ እፍኙን ያላመጣውን ከቅሬ ያስወጣዋል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚያነሳው የለም፤ ለጅብ ነው የሚተው። ሰዉ ከረሃቡም ይልቅ ይህን ይፈራ ነበር።

አህመድን አስጠርቼ ለመንኩት። ደግሞ እኔ ልመና አላውቅበትም።

«አህመድ፣ ያቺን እፍኝ አሁን አድርግልኝ። ሳትሞት።»

«ቅሬ ለሞተ ነው ይርገዱ» አለኝ። «ለታመመ አምጡ ብዬ ባዝ፣ ወላሂ፣ ደህና ነኝ የሚል ማን ይገኛል? ተቀባዩ ከሰጪው ይበዛብኛል።»

«ካልሞተች አትበላም በለኛ።»

አንገቱን ደፋ። ክፋት ቢኖርበት ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር፤ የለበትም፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ደሜ ፈላ። እንግዲያው ትሙትላችሁ አልኩ በሆዴ።

በማግሥቱ ሰው ከየቤቱ ሳይወጣ ሥራዬን ጀመርኩ። ከመደቧ ላይ ገለባውን ሰበሰብኩ፤ ለእግር ሁለት ደረቅ እንጨት፣ ለራስ አንድ ቅል አደረግሁና በሰሌን ጠቅልዬ በገመድ ጠፈርኩት። ዘይነባ ተኝታ ታየኛለች። የምሠራው ሲገባት እጄን ያዘችኝ።

«እማማ፣ ሐራም ነው። በቁሜ ሊሰገድብኝ?»

«ሐራሙ በኔ ይሁን። አንቺ ከጎታው ኋላ ግቢና ዝም በይ።»

«ሳል ቢመጣብኝስ?»

«ጋቢውን ንከሺ።»

እየዳኸች ባዶው ጎታና ግድግዳው መሃል ገባች። ጋቢውን በጥርሷ ስትይዝ አየሁና ጩኸቴን ለቀቅሁት። ፊቴን ቧጠጥኩ፣ ጸጉሬን ነጨሁ፣ ደረቴን ደቃሁ። ለማስመሰል የጀመርኩት ልቅሶ መሃል ላይ እውነት ሆነብኝ፤ መለሰን አለቀስኩት፣ እግሬን አለቀስኩት፣ በሬውን ሳይቀር አለቀስኩት። ዛሬም ድረስ አላፍርበትም።

ቅሬው መጣ። ጥቅሉን እየገፋሁ ደፉ ላይ አድርሼው ነበር።

«ጀናዛውን ማን ገነዘው?» አለ አህመድ ከሩቅ ቆሞ።

«እኔ።»

«የክርስቲያን እጅ እንዴት አድርጎ ይገንዛል? የሚያጥቧት ሴቶች...»

«ይግቡ፤ አንተም ግባ። ፍታና እንደ ደንቡ ገንዛት። ተስቦው እዚሁ በሩ ሥር ነው።»

ሴቶቹ ወደ ኋላ አሉ። አህመድም ወደ ኋላ አለ። ሼሁ ውሃው ይቅር ብለው በአፈር ተየሙም አደረጉላትና ሁለት ሰዎች ቃሬዛውን አነሱ። አንዳቸውም ቀለለ አላሉም። ያን ዓመት ሬሳው ሁሉ ገለባ ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው አጥሩ ሥር ባነጠፍኩት ጨርቅ ላይ እፍኝ እፍኙን እያፈሰሰ አለፈ። ሽንብራም፣ ዘንጋዳም፣ የእርዳታ ስንዴም። ሀሊማ መጨረሻ መጣች።

«አላህ ይርሀማት እማማ። ለኔስ እህቴ ነበረች» ብላ እያለቀሰች እፍኟን ገለበጠች። ገብስ ነበር። በጣቶቿ መሃል ተጣብቃ የቀረችውን አንዲት ፍሬ ሳይቀር አራግፋ ጣለቻት። አጥሩ ሥር ልጅቷ ቁጭ ብላ ታያለች። መልሼ ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ፤ ግን ምን ብዬ እሰጣታለሁ? ሐዘንተኛ የቅሬ እህል መልሶ አያውቅም። እጄን ሰበሰብኩ።

ዘይነባ በላች። ፈጭቼ ቀጭን አጥሚት አድርጌ እንደ ጨቅላ በጣቴ አቀመስኳት። መጀመሪያ ታስመልሰው ነበር፤ ቆጥቤ ቆጥቤ፣ እየሰደብኩም እየለመንኩም አስዋጥኳት። ከቀን ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ዓይኗ ጠራ፣ ግድግዳ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች።

«እማማ፣ ከሞትኩ ወዲህ እኮ ተሻለኝ» አለችኝ አንድ ቀን። አፋችንን አፍነን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ሰው ፊት መውጣት እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን። ጠንከር ስትል ሰው ሳያየን አዝላኝ ወደ አቀስታ ልትሄድ፣ እዚያ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ራሳችንን አሳይተን ልንቀበል ተማከርን። አቀስታ የሚያውቀን የለም። ጀርባዋን ዳበስኩት፤ አጥንቱ ቢቆጠርም ቀዝቅዟል። ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የሀሊማ ልጅ ሞተች። ጧት ነው፤ የእናቷን ድምፅ በአጥሩ ሰማሁት። ዘይነባ ከጎታው ኋላ «ሄጄ ልያዛት፣ ብቻዋን ነች» ብላ ተነሳች። ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት።

ወንዶቹ ልጅቷን ይዘው እስላም መቃብር ሲደርሱ ጅብ የዘይነባን መቃብር ቆፍሮ አገኙ። ሰሌኑ ተቦጫጭቋል፤ ገለባው በየመቃብሩ ላይ ተበትኗል፤ ቅሉ ተፈንክቶ ተጥሏል። ቆመው አዩት አሉ። ከዚያ ልጅቷን ቀበሩ፤ ሲጨርሱ ዶማና አካፋቸውን እንደያዙ ወደኔ መጡ።

ከሩቅ ሰማኋቸው፤ የቀብር መልስ ሰው እንዲያ አይሮጥም። አጥሩ ተገነደሰ። በሩን በዶማ ፈልጠው ገቡ። ተስቦውን የፈራ አንድ ሰው የለም። ጸጉሬን ይዘው ደጅ ጎትተው አወጡኝና በዱላ፣ በአካፋ እጀታ፣ በእርግጫ ወቀጡኝ። ጎድኔ ሲሰበር ሰማሁት። «የልጆቻችንን እፍኝ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። የሚመቱኝ ሰዎች ራሳቸው መቆም አቅቷቸው ነበር፤ አንዱ ሰንዝሮኝ ሲስተኝ አጠገቤ ወድቆ መነሳት አቃተው። አህመድ «ተዉ፣ በዳኝነት» እያለ መሃል ገባ። እሱንም ገፍትረው ጣሉት።

ያኔ ሀሊማ መጣች። የሙቀጫዋን ዘነዘና በሁለት እጇ ይዛለች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

«ልጄ የዚያን ቀን ገብሷን እያየች ነበር» አለችኝ። አልጮኸችም። «ለሟች ነው፣ ለኛ ነገ እናገኛለን አልኳት። ለገለባ ኖሯል።»

ቀና ብዬ ዘነዘናውን አየሁት።

«ምቺ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።

አነሳችው። ዘይነባ ከጎታው ኋላ መቼ እንደወጣች አላየሁም። ከታመመች ወዲህ ግድግዳ ሳትይዝ ቆማ የማታውቀው ልጅ ሮጠች። ሰዉ የቀበራትን ሲያይ «ያ አላህ»፣ «በስመ አብ» እያለ ወደ ኋላ ተበተነ። ሀሊማ ግን አላየቻትም፤ የምታየው እኔን ብቻ ነው። ዘይነባ በላዬ ላይ ስትወድቅና ዘነዘናው ማጅራቷ ላይ ሲያርፍ አንድ ሆነ። ድምፁን አልነግራችሁም።

ደሟ በአንገቴ ሥር ገባ። ራሷን አቅፌ ዳበስኳት፣ ጀርባዋን ዳበስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ትኩሳት የለውም። ድና ነበር። ድና ነበር እኮ። ያን ሁሉ ሰው እያየሁ ይህንኑ እደጋግማለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ሀሊማ ዘነዘናውን ጥላ ተቀምጣለች። «ሞታ አልነበር እንዴ?» ትላለች። «ሞታ አልነበር እንዴ?»

የዚያኑ ዕለት ቀበሯት። አሁን ሴቶቹ አጠቧት፣ ሼሁ እንደ ደንቡ ሰገዱባት። ከቀብር ሲመለሱ አህመድ የተሰነጠቀ ከንፈሩን ይዞ መጣና፣ «ይርገዱ፣ በአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እፍኝ አይወጣም። ቅሬው እንዲህ ወስኗል» አለኝ። አልተከራከርኩም። እውነቱን ነው።

ማግሥቱን ቢተውና ካሳ መጡ። ካሳ ሀሊማን እጇን የፊጥኝ አስሮ እየገፋ አምጥቶ ፊቴ ጣላት። ሳትነሳ በጫማው ደረቷን ረገጣት።

«እናቴ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሉ» አለኝ ቢተው። «ወስደን እንጨርሳታለን። የዘማች ሚስት ገድላለች።»

ስትታመም ያልነበረች የዘማች ሚስት ተገድላ ተገኘች። ልናገረው ነበር፤ ጎድኔ ትንፋሽ ከለከለኝ።

አህመድ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። «ዘይነባን ዘመዶቿ ትተዋታል፣ ባሏ ሩቅ ነው። ደሙ ያንቺ ነው ይርገዱ። በምን እንደሚደርቅ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ሀሊማን አየኋት። እዚያው እንዲገድሏት ፈለግሁ፤ በዚያው ዘነዘና፣ እኔ እያየሁ። ይህን ያልፈለገ ልብ ካለ የኔ አይደለም። ግን ስንዴው በሚቀጥለው ቀን ሊሰፈር ነው፤ ቤቴ ውስጥ አንድ ፍሬ እህል የለም፤ ራሴን ካላሳየሁ የሚሰፍርልኝ የለም። ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም አንገቱን አዞረ።

«እሷ ትዘለኝ» አልኩ።

«ማን?» አለ ቢተው።

«እሷ ነቻ። ሌላ ማን ጀርባ አለው? አንተ ታዝለኛለህ?»

አህመድ ወደ ሀሊማ ዞረና፣ «ሰማሽ? ይርገዱ እስክትሞት ድረስ ነው። ለዚህ እሺ ካልሽ ደሙ ይደርቃል» አላት።

ሀሊማ አፈሩን ከአፏ ጠረገች። «ልጄን አዝዬ ነበር ለስንዴው የምሄደው» አለች። «ፍቱኝ፤ አዝላቸዋለሁ።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አንቀልባው ውስጥ ከተተችኝ። ስታነሳኝ ጎድኔ ወጋኝ፤ አልጮህኩላትም። ጠረኗ የዘይነባ አይደለም፤ አረማመዷ የዘይነባ አይደለም፤ ጀርባዋ ሰፊ ነው። እጆቼ አንገቷ ዙሪያ ናቸው፤ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ጉሮሮዋ ላይ ያርፋሉ። ምራቋን ስትውጥ ይሰማኛል። ብጨምቀው መንገድ ላይ ተደፍታ ትቀራለች፤ የሚያይ ሰው የለም።

ጨመቅሁት። ቆመች። አልታገለችም፤ እጇንም ወደኔ አላነሳችም። ደሟ ከጣቶቼ ሥር ሲመታ እየሰማሁ ጨመቅሁት፤ ጉሮሮዋ ሲያንቃርር ለቀቅኋት። ምሕረት እንዳይመስላችሁ። እሷ ከወደቀች ማን ያደርሰኛል?

ጎንበስ ስትል ሳል አጣደፋት፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኋት። ከዚያ አንቀልባውን ከፍ አድርጋ አስተካከለችኝ።

«ቁልቁለት ነው እማማ፤ አጥብቀው ይያዙኝ» አለች።

አጥብቄ ያዝኳት።